የደባርቅ ውኃ ስንት ላይ ይፈላል

መምህር ምስጋናው በዚያ ሰሞን የደረሰበትን ግራ መጋባት ለጠላትም አይስጥ! የእንፍራንዝ ልጅ ነው፤ ደባርቅ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ከተመደበ ገና ዓመቱ ነው። ሰኞ ዕለት አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ፊት ቡታጋዝ ለኩሶ፣ ውኃ ጥዶ፣ ቴርሞሜትር ነከረበት። ውኃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ ግን ዘጠና አንድ ላይ ቆመና ወይ ፍንክች!

«ተበላሽቷል» አለ ምስጋናው። «ውኃ በመቶ ነው የሚፈላው፤ ጻፉ።»

ተማሪው ጻፈ። እሱ ግን ከክፍል ሲወጣ ከባዮሎጂ መምህርቷ ከምስጢር ሌላ ቴርሞሜትር ተዋሰ፤ ዘጠና አንድ። ቡታጋዙን ጠረጠረና ከሰል አቀጣጠለ፤ ዘጠና አንድ። የቧንቧውን ደፍቶ የምንጭ ውኃ አስቀዳ፤ አሁንም ያው! ምን ጉድ ነው? መጽሐፉን ሊጠረጥር ፈራ፤ ራሱን ሊጠረጥር ደግሞ ምንም አላማረው።

በሳምንቱ በሞዴል ፈተና ይህንኑ ጠየቀ። ዓይናዲስ «ዘጠና አንድ» ብላ ጻፈች። ቀይ ኤክስ አሳረፈባት። ዓይናዲስ አምና በሁለት ጥያቄ ብቻ ዩኒቨርሲቲ ያመለጣት ልጅ ናት። ዘንድሮ ካለፈች አለፈች፤ ከወደቀች ግን ሦስተኛ ዓመት የሚያስቀምጣት ቤተሰብ የላትም።

በማግስቱ እናቷን ይዛ መጣች። ወይዘሮ ይመኙሽ መናኸሪያው በር ላይ ንፍሮ የሚሸጡ ሴት ናቸው።

«ምነው መምህር፣ ልጄ በዓይኗ ያየችውን ብትጽፍ ምን አጠፋች?»

«ዕቃው ተበላሽቶ ነው እናቴ። ውኃ በዘጠና አንድ አይፈላም።»

«ተወኝ እስቲ! እኔ የኮላ ድባ ሰው ነኝ፤ ለትዳር ነው እዚህ የወጣሁ። እዚያ ባቄላው ቶሎ ልስልስ ይላል። የዚህ ደጋ ውኃ ግን ሲንተከተክ ይውላል እንጂ ባቄላውን አያበስል። ሲፈላም ግለት የለው። ይህን የማያውቅ ማን አለ?»

ምስጋናው ክው አለ። ከፍታው ነው ለካ! ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ውኃ መቶ ሳይደርስ ይፈላል። ይህን እኮ ራሱ በመጀመሪያው ሴሚስተር አስተምሮታል፤ ያውም የኤቨረስትን ተራራ በጠመኔ ሥሎ። የስሜን ተራሮች በመስኮት እያዩት የሰው አገር ተራራ ሲሥል ዋለ! አይ መምህር! እፍረቱ ጆሮውን አጋለው።

ወረቀቱን ተቀብሎ ኤክሱን ሰረዘና ራይት አደረገላት። ወይዘሮ ይመኙሽ «ተባረክ፣ ሸጋ ልጅ» ብለው ወደ ንፍሯቸው ሄዱ። ዓይናዲስ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ቲቸር፣ ብሔራዊ ፈተናውን የምንፈተነው ጎንደር ወርደን ነው አይደል?»

«አዎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ።»

«ጎንደር ደግሞ ከዚህ ዝቅ ይላል። ይህ ጥያቄ ቢመጣ የቱን ላጥቁር? መቶን? ዘጠና አንድን? ወይስ የጎንደሩን?»

ምስጋናው ሐሳብ ገባው። ፈተና አውጪው ውኃውን የት ጥዶት እንደሆነ በምን ይታወቃል? የደባርቁን ጻፊ እንዳይላት፣ የሚያርመው ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ ወይዘሮ ይመኙሽን አምጥተው ቢያቆሙበት አይሰማም። በሁለት ጥያቄ በወደቀች ልጅ ላይ እንዴት ይፈርዳል?

«መቶ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «መቶን አጥቁሪ።»

ዓይናዲስ ወረቀቷን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«እንዲያ ከሆነ ራይቱን ምነው ሰጡኝ?»

«ልክ ስለሆንሽ ነዋ!»

«ልክ ከሆንኩ ታዲያ ለምን መቶን ላጥቁር?»

ዓይናዲስ ወረቀቷን እንደያዘች መልሱን ቆማ ጠበቀች።