ስግደት በውክልና

ውባለም ክፉ ነገር ሳይደርስባት ቀድማ የምትደርስበት ሴት ናት። ልጇ ደጀን ግንባር በነበረ ጊዜ መርሳ ውስጥ ካለው የሰፈሯ ዕድር ሄዳ ትልቁ ድንኳን ተጠግኖ እንደሆነ ጠይቃ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ደንግጠው «ማን ሞተ?» ቢሏት፣ «እስካሁን ማንም» አለቻቸው።

አስር አለቃ ደጀን ግን አልሞተም። ጦርነቱ ቆመ በተባለ በሦስተኛው ወር ከወልድያ ከመጣ ሚኒባስ ወርዶ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በእግሩ ቤቱ ገባ። እጁም እግሩም ሙሉ ነው። ውባለም ሳምንት ሙሉ የጎደለውን ነገር ስትፈልግ ቆየች፤ በስምንተኛው ቀን አገኘችው። ልጁ አልጋ ላይ አይተኛም። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ፣ እንደተቀመጠ ያነጋል። ሲጠሩት «አቤት» ይላል፤ ከዚያ ሌላ ቃል የለውም። በፊት በቀልዱ ሰፈሩን የሚያስመርር ልጅ ነበር።

ያን ዕለት የላሟን ገመድ ፈትታ ጎታ ውስጥ፣ እህሉ ሥር ቀበረችው። ምላጩንና ትልቁን ቢላም እዚያው ጨመረች። ለምን እንደምትቀብረው ለራሷም አፍ አውጥታ አልተናገረችም። ውሎ ሲያድር ግን የደጀን ጢም ደረቱ ሊደርስ ሆነ፤ ላሟም ማን አለብኝ ብላ የጎረቤታቸውን የሀስናን ጎመን ማዘውተር ጀመረች።

«ውቤ፣» አለች ሀስና ባጥሩ በላይ፣ «ይቺ ላምሽ እኮ ጎመኑን ከኔ ቀድማ ነው የምትቀጥፈው። እሰሪያት እንጂ።»

«ገመዱ ጠፋብኝ።»

«እኔ ልስጥሽ?»

«አይ፣ ገመድ እዚህ ቤት እንዳይገባ።»

ሀስና ትንሽ አየቻትና ነገሩ ገባት። «አብሽሪ፣» አለቻት። «ጎመኑን አላህ ይተካዋል።»

ዐቢይ ጾም ሲገባ ውባለም ልጇን ይዛ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ ፈንታው ሄደች። ቄሱ ደጀንን ብቻውን ደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር አስቀምጠው ረጅም ሰዓት አዳመጡት። ሲነሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ቀኖና ሰጥቼዋለሁ፣» አሏት። «ከቅዳሜና ከእሁድ በቀር፣ እስከ ሆሳዕና በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ይሰግዳል። ሲጨርስ እግዚአብሔር ይፍታህ እለዋለሁ። ያኔ ይቀለዋል።»

«ካልጨረሰስ፣ አባ?»

«ይጨርሳል።»

«አይበለውና፣ ካልጨረሰስ?»

«አንቺ ሴት፣ ልጁ ገና አልጀመረም እኮ።»

በማግስቱ ደጀን ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆመ። አማተበ። ጉልበቱን ሊያጥፍ ሲል ቀና አለና ወደ ኋላው ዞሮ በሩን አየ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ዞረ። ከዚያ ተመልሶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አለፈ።

ውባለም አስረኛ ክፍል ድረስ ተምራለችና ሂሳቡ አላስቸገራትም፤ መቶ ሃያ ሦስት ስግደት ቀርቷል። ስግደት ከሌለ ይፍታህ የለም። ይፍታህ ከሌለ እንቅልፍ የለም። እንቅልፍ ከሌለ ደግሞ... ዓይኗ ወደ ጎታው ሄደ። በአራተኛው ቀን ማድ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ራሷ ሰገደችለት።

ስህተት እንዳይፈጠር በእያንዳንዱ ስግደት የልጇን የክርስትና ስም ታስታውቃለች። «ጌታ ሆይ፣ ይሄ የወልደ ገብርኤል ነው። በኔ እንዳትይዘው።» ቤት እንኳን በውክልና ይሸጥ የለ ወይ ብላ ራሷን አጽናናች። ቁጥሩ እንዳይጠፋባት አርባ አንድ ሽምብራ ቆጥራ ጣሳ ውስጥ አደረገች፤ ስትሰግድ አንድ፣ ስትሰግድ አንድ እያለች ወደ ሌላው ጣሳ ታዛውራለች።

በሳምንቱ ጉልበቷ እምቢ አለ። ማድ ቤቱ ካጥሩ የተጠጋ ነውና ሀስና ሁሉንም ትሰማለች።

«ውቤ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሽሮ እያዘጋጀሁ።»

«ሽሮው አሜን ይላል?»

ውባለም ጣሳውን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በቀን አምስቴ ነው፣» አለች ሀስና። «ስትነሺ በእጅሽ ተደገፊ፤ በወገብሽ አትነሺ። ወላሂ እንደዚህ ከቀጠልሽ ልጅሽ ድኖ አንቺን ያስታምማል።»

ምክሩ ረዳት። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሽምብራው አላልቅ አለ። ትሰግዳለች፣ ትሰግዳለች፣ ጣሳው አይጎድልም። ብትቆጥረው ሃምሳ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ትርፉን አውጥታ አርባ አንዱን ብቻ ተወች። በማግስቱ ስድሳ ሦስት ሆነ። ፀጉሯ ቆመ። ነጠላዋን አንስታ ወደ ቄስ ፈንታው በረረች።

«አባ፣ ቤቴ ሰይጣን ገብቷል።»

«ምን አደረገ?»

«ሽምብራ ይጨምራል።»

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻለችም፤ ውክልናውን፣ ጣሳውን፣ ሽሮውን ሳይቀር ተናዘዘች። ቄሱ እስክትጨርስ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሰሟት።

«ሽምብራ ጎደለብኝ ብትዪ ኖሮ አምንሽ ነበር፣» አሉ። «አንቺ ስግደት ብታበዢ ሰይጣን ምን ያተርፋል? እስቲ ንገሪኝ፣ ማድ ቤትሽ ሌላ ማን ይገባል?»

ውባለም በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«ደግሞም የሰገድሽው ላንቺ ተይዟል። ለእሱ አንድም የለው። ክኒኑን አንቺ ውጠሽ እሱ አይድንም።»

«ላግዘው ብዬ ነው እኮ፣ አባ።»

«አግዢው። እሱ ሲሰግድ አጠገቡ ቁሚ።»

የመርሳን አስፋልት ተሻግራ ግማሽ መንገድ ስትደርስ ቆመች። ደጀን። እዚያ ቤት ከሰይጣን ሌላ እንዲህ ያለ ተንኮል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ሞት የሚያስብ ሰው በእናቱ ጣሳ ሽምብራ ሲጨምር አይውልም። መንገድ ዳር ብቻዋን ሳቀች። «ወይስ ይውላል?» አለችና ፈጥና ተራመደች።

ደጀን ግቢው ውስጥ፣ እንደ ልማዱ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሁለቱን ጣሳዎች አምጥታ ፊት ለፊቱ አስቀመጠችና ጮክ ብላ ጀመረች። «ይሄ የወልደ ገብርኤል ነው።» አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

«ግንባርሽ መሬት አልነካም።»

ከተመለሰ ወዲህ ለእናቱ ከ«አቤት» ያለፈ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ውባለም እንዳይቋረጥ ፈርታ ዞራ አላየችውም። «ነክቷል፣» አለች።

«አልነካም፣ እማ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልነካም። በማድ ቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ ሳይሽ ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ ሽምብራውን ለምን ጨመርክ?»

«ግማሽ ግማሹን ስለምትሰግጂ ሙሉ እንዲሆን ነዋ። ስንት ምልምል አሠልጥኛለሁ፣ እንዳንቺ የሚያጭበረብር አልገጠመኝም።»

«እስቲ እንዴት እንደሆነ አሳየኝ።»

ሦስቱን ሽምብራ ወደ ጣሳው መለሰችና ቦታውን ለቀቀችለት። ደጀን ተነስቶ መጣ። አማተበ። ጉልበቱን ሊያጥፍ ሲል እንደ ሁልጊዜው ዞሮ የግቢውን በር አየ፤ እዚያው ደርቆ ቀረ።

«ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ግንባሬ መሬት ሲነካ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ኋላዬን ማን ያያል?»

ውባለም ማድ ቤት ገብታ ትልቁን ማማሰያ ይዛ ወጣች። ከኋላው ሆና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ክፉ ነገር በመጠበቅ የሠላሳ ዓመት ልምድ አላት።

«እኔ አያለሁ፣» አለች። «ስገድ።»

ከዚያ ጉልበቱ መሬት ሲነካ ሰማች፤ ቀጥሎ ግንባሩ።

«ይሄ የማን ነው?» አለች ሳትዞር።

«የኔ።»

አስራ ዘጠነኛው ላይ በሩ ሲጢጥ አለ። ውባለም ማማሰያውን ከፍ አደረገች። «ቁሚ። ማን ነሽ?»

«ሀስና ነኛ። ምን ሆነሻል?»

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ከላምሽ ጋር።»

ከኋላዋ እንደ ለቅሶ ያለ ድምፅ ሰማች። የፈራችው ደረሰ ብላ ዞረች። ደጀን ግንባሩን መሬት ላይ እንደደፋ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ነው።

«ቁጥሩ ጠፋኝ፣» አለ።

«አስራ ዘጠኝ፣» አለች ሀስና ላሟን በቀንዷ እንደያዘች። «ባጥሩ ስቆጥርልህ ነበር።»

ጣሳው እስኪያልቅ ሰገደ። ስድሳ ሦስት ሽምብራ ነበረበት፤ የጨመረውን ራሱ ጨረሰው። ከአርባ አንድ ማለፉን ውባለም አልነገረችውም። በመጨረሻ ላብና አፈር በግንባሩ ላይ ተቦክቶ ተነሳና ላሟን አያት።

«እማ፣ ገመዱን ስጪኝ። ልሰራት።»

ውባለም ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ጎታ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፣» አለ። «የቀበርሽ ዕለት ነው ያወቅኩት። ዝም ያልኩት ራስሽ እንድትሰጪኝ ብዬ ነው።»

ቤት ገባች። ክንዷን እስከ ትከሻዋ እህል ውስጥ ሰደደች። ሊሆን የሚችለው ሁሉ አንድ በአንድ በልቧ አለፈ። ገመዱን ጎትታ አወጣች፣ እህሉን አራገፈችለት፣ በእጁ ላይ አኖረችው።

ደጀን ላሟን ወደ ጓሮ ሲነዳ ማማሰያዋን እንደያዘች ተከተለችው። በደንብ አሰራት። ቋጠሮውን ሁለቴ ሳብ አድርጎ ሞከረና ጢሙን እያሻሸ ወደ እናቱ ዞረ።

«ምላጩስ?»

«እሱ ለሆሳዕና ይደርሳል፣» አለች ውባለም። «ግባና ትንሽ ጋደም በል። በሩን እኔ አያለሁ።»