ሮቦት ነሽ ተብዬ ተሰረዝኩ

የልጄ የኒኖስካ ሽሮፕ ጠርሙሱ ሥር ደርሷል። የሚጥል በሽታ አለባት፤ ሽሮፑ ከተቋረጠ ያንዘፈዝፋታል። ጤና ጣቢያ ስሄድ "ገና አልመጣም" ይሉኛል። ፋርማሲ ስሄድም ያው ነው። ሰልፍ ላይ ያገኘኋት አንዲት እናት፣ እንደ እኛ ያሉ የከተማችን የማናጓ እናቶች የሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ እንዳለ ነገረችኝ። መድኃኒት የተረፋት እዚያ ላጣችው ትሰጣለች አለች። ግን ሳይመዘገቡ መጻፍ አይቻልም።

ስልኩ የአበልጄ የሲዮማራ ነው። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች፣ እኔ ጠረጴዛዋ ጥግ ተቀምጬ መመዝገቢያውን መሙላት ጀመርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። አንድ ቃል ጽፌ እስክጨርስ ትከሻዬ ይዝላል።

"ዛሬ ትጨርሻለሽ ወይስ እራትሽን እዚሁ ላድርገው?" አለችኝ።

"አታዋክቢኝ አበልጄ። ከተሳሳትኩ ይመልሱኛል።"

"ባልሽንም እንዲህ ተጠንቅቀሽ መርጠሽ ቢሆን ኖሮ!"

ሮቦት አለመሆኔን እንዳረጋግጥ የተጣመሙ ፊደላት ያሉበት ሥዕል መጣ። እኔ ቀጥ ያሉትንም ገና እየለመድኩ ነው። ብዙ ጊዜ ተሳስቼ በመጨረሻ አለፍኩ። ቀጥሎ "የት ነው የሚኖሩት?" የሚል ጥያቄ መጣ።

የእኔ ቤት ትልቁ ዛፍ ከነበረበት ወደ ሐይቁ ሁለት መታጠፊያ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ ነው። ዛፉ የወደቀው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ሆኖም ማንም ሰው እንዲህ ሲባል ቤቴን ያገኘዋል። ይህን መጻፍ ግን አሳፈረኝ። በትምህርት መጽሐፋችን አድራሻ የሚጻፈው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ነው። የሚጻፍ ነገር ሥርዓት አለው ብዬ፣ መጽሐፉ ላይ እንዳለው "የአበቦች መንገድ፣ ቁጥር 14" ብዬ ሞላሁ።

ሲዮማራ በትከሻዬ በኩል አየችው። "የአበቦች መንገድ? እኛ ሰፈር መቃብር ላይ ካልሆነ የት አበባ አየሽ?"

"ለጽሑፍ ነው።"

"እሺ፣ እመት ፕሮፌሰር።"

በማግስቱ መልስ መጣ። "ምዝገባዎ ሐሰተኛ ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል" ይላል። ያላወቅሁት ቃል ያለ መስሎኝ ደጋግሜ አነበብኩት። እንደገና ልመዝገብ ስል ደግሞ በዚያው ስልክ መመዝገብ ተከልክሏል፤ ሐሰተኛ ተመዝጋቢዎች ስለበዙ ነው ይላል። ከሥሩ "የቸገራት እናት የመድረኩን ኃላፊ ዶንያ ቴልማን ታነጋግር" የሚል ነበር፤ ሲኒማው ከነበረበት ወደ ታች ሦስት መታጠፊያ፣ አረንጓዴ በር።

ኒኖስካን ለሲዮማራ ትቼ በዚያ ሙቀት በእግሬ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ዓይናቸው የቀላ ትልቅ ሴት ናቸው። ኮምፒውተራቸው የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሩዝና ባቄላው ሳህን ጎን ተቀምጧል።

"ዬልባ እባላለሁ" አልኳቸው። "እናት ነኝ። ሰርዘውኛል።"

"ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስሰርዝ ነው የዋልኩት። የትኛዋ ነሽ?"

"የአበቦች መንገድ፣ ቁጥር 14።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "አንቺ ነሽ እንዴ! እኔ እኮ ሮቦት ነው ብዬ ነው!"

"ምን አጥፍቼ ነው?"

"ነይ፣ እዪ።" በጣታቸው ስክሪኑን አሳዩኝ። "ይሄ የቁማር ነው። ይሄ ማቅጠኛ ክኒን ይሸጣል። ይሄኛው ለሚጥል በሽታ ተአምረኛ ውሃ አለኝ ይላል። አንዷ እናት አምና ገዝታ መድኃኒቱን አቋርጣ፣ ልጇ ለጥቂት ነው ከሞት የተረፈው። የተጣመመውን ሥዕል እንደሆነ እነሱ ከእኛ በላይ ያነቡታል። ስለዚህ የት ትኖራላችሁ ብዬ እጠይቃለሁ። ሐሰተኞቹ ሁልጊዜ የመንገድ ስምና ቁጥር ይጽፋሉ። ማናጓ ውስጥ ማን ነው ቁጥር ያለው?"

"መጽሐፋችን እንዲህ ነው ያስተማረን።"

"እንግዲያው መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ደብዳቤ ደርሶት አያውቅም በዪው!"

ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። "ዶንያ ቴልማ፣ ሽሮፑ ለነገ ጠዋት ብቻ ነው የቀረው።"

ሳቃቸውን አቋረጡ። ወንበራቸውን ለቀውልኝ፣ ፒኖሊዮ፣ የበቆሎና የካካዎ መጠጥ፣ በቅል ቀዱልኝ። ከዚያ ራሳቸው መዘገቡኝ። "በይ ጻፊ። ፊደል ብትስቺም የሚታዘብሽ የለም" አሉኝ።

የሽሮፑን ስምና መጠን ከማዘዣው ላይ አንድ በአንድ እያየሁ ጻፍኩ። እስክጨርስ ድረስ አዲስ ምዝገባ እየመጣ ስልካቸው ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር አንስተው አይተው ይሰርዛሉ።

"ለምን አይተዉትም?" አልኳቸው።

"ከተውኩትማ ውሃ ሻጩ ይገባል።" ዓይናቸውን አሹ። "የእኔ ልጅ አድጎ ኮስታ ሪካ ገብቷል። ለራሴማ ይሄ መድረክ አያስፈልገኝም ነበር።"

ፒኖሊዮው ሳያልቅ መልስ መጣ። ከማናጓ ወጣ ብላ ያለችው የቲፒታፓ ከተማ ሴት ናት። የልጇ መድኃኒት ተቀይሮ ያልተከፈተ ጠርሙስ ተርፏታል፤ ገበያ ውስጥ አይብ ስለምትሸጥ እስኪዘጋ እዚያው ናት። የጠርሙሱንም ፎቶ ልካለች። ከማዘዣዬ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁት። ዶንያ ቴልማም አዩት። ልክ ነው።

"ሂጂ፣ ሂጂ! አውቶቡስ ያመልጥሻል!" ብለው ገፋ አደረጉኝ። በሩ ላይ ሳለሁ ስልኩ እንደገና ጮኸ። "ደግሞ መጡ" ሲሉ ሰማኋቸው።

አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ቲፒታፓ የደረስኩት ቆሜ ነው። ሴትዮዋ ጠርሙሱ ሙቀት እንዳያገኘው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ አይቦቹ መካከል አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

"ስንት ዓመቷ ነው?" አለችኝ።

"ስምንት።"

"የኔም።"

ሁለታችንም ደክሞን ስለነበር ከዚያ በላይ አላወራንም። ከጎኗ ያለውን ሣጥን ገልብጣ ሰጠችኝ፤ የመመለሻው አውቶቡስ እስኪመጣ ጠርሙሱን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩበት።