የማዳበሪያ ኮርኒስ

ስፒከሩ የታሰረው ጣራው ላይ ሳይሆን ኮርኒሱ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ወደቀ። የወደቀውም በወንድሜ በሙጃሂድ እጮኛ በሳጂዳ እናት አጠገብ፣ ዶሮ ወጡ መሐል ነው።

የቤታችን ኮርኒስ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ተሰፍቶ፣ በቀጫጭን እንጨት ተወጥሮ፣ ቀለም ተቀብቷል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። አባቴን ግን ያሳፍረዋል። የሳጂዳ ቤተሰቦች ልጃቸው የምትገባበትን ቤት ሊያዩ እንደሚመጡ ሲሰማ፣ ሲሚንቶ እስኪመስል ድረስ ነጭ ቀለም አስለቀለቀው። ሙጃሂድ ደግሞ ሆቴል ውስጥ ያየውን ይዞ መጣ፤ ስፒከሮቹ ከላይ ይንጠልጠሉ፣ መንዙማው ከአናታችን ይውረድ አለ።

«ጆንያውን ቅደድና ሞራሌው ላይ እሰረው፤ ካለበለዚያ ይወድቃል» አልኩት። ቆርቆሮውን የተሸከመው ወፍራም እንጨት ያ ነው።

«ቀዶ ማዳበሪያ መሆኑን ያሳያቸው?» አለ አባቴ። «ሲቪል ተማርኩ ብለሽ ቤቴን ልታፈርሺ ነው?»

«ኢንጂነሯ» አለ ሙጃሂድ ከመሰላሉ ላይ፣ «ሂጂ ሽንኩርትሽን ክተፊ።»

ከተፍኩ። እሱም መንጠቆውን ጆንያውን ከሚወጥረው ቀጭን እንጨት ላይ ጠመዘዘው።

እንግዶቹ ለምሳ ሲቀመጡ እኔ በሩ አጠገብ ወንበር ያዝኩ። የሳጂዳ አጎት ጋሽ እድሪስ ሉማሜ ላይ መጋዘን ያሠራሉ። ከተመረቅኩ ወዲህ ሥራ የሰጠኝ የለም። «ሰኞ ሳይት ነይ፣ ከፎርማኑ ጋር ትሠሪያለሽ» አሉኝ። የጎረስኩትን ሳልውጥ ሙጃሂድ ድምፁን ጨመረው፤ ኮርኒሱ ተንቀጠቀጠና አንዱ ስፒከር ጆንያውን ቀዶ ወረደ።

ማንም አልተጎዳም። የሳጂዳ እናት ሻሽ ወጥ በወጥ ሆኗል። የተቀደደው ጆንያ ተገልብጦ፣ «ዩሪያ» የሚለው ጽሑፍ ምግቡ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ማነው የሰቀለው?» አሉ ጋሽ እድሪስ።

አባቴ ሙጃሂድን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። «ቶይባ ናት። ተምራለች ብለን አምነናት።»

እማዬ ጎትታ ጓዳ አስገባችኝ። «ዝም በይ። እሱ ሚስቱን ሊያጣ ነው፤ አንቺ ሌላ ሥራ ታገኛለሽ።»

«ከየት?»

እጄን አስለቅቄ ወደ እንግዶቹ ተመለስኩ።

«እኔ አልሰቀልኩትም» አልኩ። «ይወድቃል ብዬ ነግሬያቸው ነበር፤ አልሰሙኝም።»

ሙጃሂድ ገመድ መጠቅለል ያዘ። ከቀረው ስፒከር መንዙማው አሁንም ይሰማል።

ጋሽ እድሪስ እኔን ትተው ከስፒከሮቹ ርቆ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበሬን አዩት።

«እንደሚወድቅ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለእነሱ ነገርሻቸው። ለእኛስ?»

«እንግዳን ከምሳ ተነሱ ይባላል?»

«እኔ ሳይት ላይ ግድግዳ ሲሰነጠቅ አይቶ፣ ራሱ ብቻ ፈቀቅ የሚል ሰው አልፈልግም» አሉ ኮታቸውን እየጠረጉ። «ሰኞ አትምጪ።» ወደ አባቴ ዞሩ። «ሙሐመድሳኒ፣ የሠርጉን ነገር ለጊዜው አናንሳው።»

«ሻይ እንኳ ሳትጠጡ» አለ አባቴ። ከተቀመጠበት ግን አልተነሳም።

አንድ በአንድ ወጡ። ሳጂዳ የመጨረሻዋ ነበረች። ቀና ብላ ጆንያውን አየች፤ ሙጃሂድን ዞር ብላ አላየችውም። ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።