ከወይራው ሥር

«ዝናብም ፀሐይም ሲመታሽ ውለሻል፣
ደጅ ስትቆሚ ማን ግቢ ብሎሻል?»

አልቃሿ ይህን ስትል ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች መቀበል ሲገባቸው ጭጭ አሉ። አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሌላዋ ማንም ሳይጠራት የንፍሮውን ሳህን ይዛ ወደ ጓዳ ሄደች። ፋሲካ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ አየቻቸው። የሟች ታናሽ እህት ናት፤ ለቅሶው የሷ ነው፤ ግጥሙ ግን አልገባትም። እህቷ የሺሀረግ የምን ደጅ ነው የቆመችው? ባልና ቤት ያላት፣ ወልዳ ያሳደገች ሴት!

አልቃሿም አፏን እንዳዳለጣት ታወቃትና ቶሎ ብላ ወደ ሟች ደግነት ዞረች። ሴቶቹም እፎይ ብለው ተቀበሏት።

የሺሀረግ የተቀበረችው ትናንት ነው። ፋሲካ ሐይቅ ከተማ መኪና መቆሚያው አጠገብ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ወደዚህ ሐይቁን ቁልቁል ወደሚያየው የትውልድ መንደሯ የመጣችው እህቷ በደከመችበት ሳምንት ነበር። አሁን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ያ የለመደችው ሙቀት ከደረቷ ተነሥቶ ፊቷን አለበሳት። ነጠላዋን ገፍታ አንገቷን ጠረገች።

«ውይ፣ ሐዘኑ አቃጠላት! ውሃ ስጧት እንጂ» አለች አንዲት ለቅሶ ደራሽ።

ሐዘኑስ ያቃጥላል፣ ማን ይክዳል። ይኼኛው ሙቀት ግን የወር አበባዋ ከቆመ ጀምሮ አብሯት የኖረ ነው። መጀመሪያ ሲጀምራት፣ በዚያ በመጥበሻው እሳት ላይ፣ ልትሞት መስሏት ነበር። የሺሀረግ ናት ገበያ ወርዳ ያየቻትና ከት ብላ የሳቀችው። «አይዞሽ፣ እኔንም እንዲሁ ጠብሶኝ አልፏል። ሲመጣብሽ ከእሳቱ ራቂ፣ ነጠላሽን ውሃ ነክረሽ አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊ። ሌሊትም እንቅልፍ ቢነሳሽ ከራስሽ ጋር አትጣዪ።» ከዚያ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጨመረች፦ «ደግሞ ደስ ይበልሽ። እኔ አሁን ከባሌ ከታሪኩ ጋር ቆርቤ፣ ከእግዜር ቤት የሚያስወጣኝ የለም።»

ዛሬ ጠዋት ግን ፋሲካ ፊቷን ልትታጠብ ከቤቱ ጀርባ ዞር ስትል ልብሷ ላይ ደም አየች። ከቆመ ሁለት ዓመት ያለፈው ደም። ልብሱን ጠቅልላ ቦርሳዋ ሥር ደበቀችው፤ ተመልሳም ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ፈርታለች። የፈራችውን የምትነግራት ሴት ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች፣ እሷም ትናንት ተቀበረች።

ለቅሶ ደራሹ ጋብ ሲል ወደ ጓሮ ወጣች። ዙለይሃ ከሰፌድ ላይ የንፍሮ ስንዴ ትለቅማለች። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤት ናት፤ ከየሺሀረግ ጋር እሳት እየተጫጫሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ የማትተኛ።

«ዙለይሃ፣ አልቃሿ ምን ማለቷ ነው?»

«ተይው፣ የለቅሶ ግጥም ነው።»

«በነቢ ይዤሻለሁ!»

ዙለይሃ እጇን ከስንዴው አነሳች። «ወላሂ የምታውቂ መስሎኝ ነበር። የሺ ከዓምና ክረምት ጀምራ ቤተ ስኪያናችሁ ውስጥ አትገባም። መሄዱንስ ትሄዳለች፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ግን ግቢው ውስጥ ከወይራው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ነች። ወደ ገበያ ሳልፍ በአጥሩ በኩል አያታለሁ። ነጭ ቀሚሷንም ትታ ጥቁር መልበስ ጀመረች።»

ፋሲካ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ለማወቅ እዚህ መወለድ ይበቃል። አደፍ ላይ ያለች ሴት ናት፣ ደሟ እስኪቆም ቤተ መቅደስ የማትገባ። እህቷ ግን ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነበር።

«ሴቶቹስ አላዩም?»

«ሳያዩ! ይስቁ ነበር እንጂ። ‹የሺ እንደገና ልጃገረድ ሆነች፣ ታሪኩ ምን እያበላት ነው› እያሉ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ የናንተ ሥርዓት ነው ብዬ አለፍኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።» ዙለይሃ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አስደገፈች። «እኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣብን ሶላታችንን የምንተወው በየቤታችን ነው። ማን ያይብናል? እሷ ምስኪን በሰው ፊት ተቀመጠች።» ድምጿ ተሰበረ። ፋሲካ ለየሺሀረግ አዝና መሰላት።

ለካ ዓመት ሙሉ! የሺሀረግን ደሴ ያያት ወጣቱ ሐኪም ፋሲካን መተላለፊያው ላይ ለብቻዋ ጠርቷት ነበር። «ማህፀኗ ውስጥ የጀመረው ካንሰር ተሰራጭቷል» አላት። «ደም አንዴ ከቆመ በኋላ ተመልሶ ከመጣ፣ ጠብታም ቢሆን መታየት አለበት፣ እናቴ። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል። የእህትዎ ግን ቆይቷል።» ያኔ ፋሲካ ቆይቷል ማለት ሁለት ሦስት ሳምንት መስሏት ነበር።

ደግሞስ ጠይቃት የለም እንዴ? ዓምና ግንቦት ላይ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ የሺሀረግ ደወለች። ዘይቱ ይንጣጣል፣ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» ይላል፣ ሁለት ሰዎች ዓሣ ቆመው ይጠብቃሉ። «ፋሲካ፣ የቆመ ነገር ይመለሳል እንዴ?» አለቻት። ፋሲካም ሳቀች። «ላንቺማ ይመለሳል፣ መቼ አረጀሽና!» የሺሀረግም ትንሽ ሳቀች። «እሺ፣ ሥራሽን ሥሪ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳችላትም። ያቺ ትንሽ ሳቅ አሁን ከፋሲካ ጆሮ አልወጣ አለች።

ከሰዓት በኋላ የእህቷን ባል ታሪኩን ከበረቱ ደጅ አገኘችው። ሰው ሸሽቶ ነው የተቀመጠው።

«አንተም አላወቅህም?»

«መደብ ለይታ መተኛት ከጀመረች ቆይታለች» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ሱባኤ ይዣለሁ አለችኝ። ቆራቢ ሴት ናት፣ ምን ብዬ ልጠይቃት? ለነፍሷ መስሎኝ ኮራሁባት።» ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ፋሲካ ልትቆጣው መጥታ ነበር፤ ትከሻው ሲርገፈገፍ ስታይ ትታው ሄደች።

በሠልስቱ ጠዋት ሁሉም ለጸሎቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች እንደ ወጉ እስከ በሩ ሸኝተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ፋሲካ ግቢው ውስጥ ስትገባ እርምጃዋን አዘገየች። ደሟ አልቆመም። ብትገባ የሚያውቅባት ሰው የለም፤ የእህቷ ሠልስት ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። ገብታ፣ ተሳልማ፣ ወጥታ፣ እስከ ሰባቷ ፍራሽ ላይ መቀመጥ ትችላለች። የሺሀረግም ዝም ማለቱን ችላበት ነበር።

ወይራው እዚያው ነው፣ ድንጋዩም። ፋሲካ በልጅነቷ መጀመሪያ ደም ያየች ጊዜ እናቷ «ዛሬ አትገቢም» ብላ በሰው ፊት ከሴቶቹ በር መለሰቻት። ይህን ድንጋይ ተቀምጣ ስታለቅስ የሺሀረግ ነጩን ቀሚሷን ሰብስባ ከወደ ደጀ ሰላሙ መጣች። «እኔም ዛሬ አልገባም» አለች። ምንም የለባትም ነበር። እናታቸው «አንቺም መጣብሽ?» ብላ ስትቆጣ፣ ዓይኗን ሳታሽ «አዎ» አለች። ከዚያም አጠገቧ ተቀምጣ ወደ ዳር ጠጋ አለችላት። «ነይ፣ ለሁለት ይበቃናል።» ቅዳሴው እስኪያልቅ ታች ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፉትን ታንኳዎች እያዩ ተቀመጡ። ዓምና ግን የሺሀረግን አጠገቧ የተቀመጠ አልነበረም።

«አክስቴ፣ ግቢ እንጂ፣ ተጀመረ እኮ!» ብላ ጠራቻት የየሺሀረግ ልጅ ሳምሪ፣ ከሴቶቹ በር ሆና።

ፋሲካ ወደ ወይራው ሄደችና ቆመች።

«አልገባም። ደም አለብኝ።»

በበሩ ላይ የነበሩት ሴቶች ዞረው አዩዋት። አልቃሿም አለች በመካከላቸው። «ኸረ በማርያም፣ ቀስ በይ!» አለች አንዷ።

«ምን ቀስ እላለሁ? እናትሽ ላይ የመጣው ነው የመጣብኝ፣ ሳምሪ። ከቆመ ሁለት ዓመት ያለፈው ደም። እሷን ዓመት ሙሉ እዚህ ድንጋይ ላይ አያችኋት፣ ሳቃችሁም። እኔም ስቄያለሁ። አሁን እኔን እዩኝ። ነገ ደሴ ሄጄ እታያለሁ።»

«ነገ?» አለች አልቃሿ። «ሰባቷ ሳይወጣ ከፍራሽ ትነሻለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ስለሷም ብሏል።»

ሳምሪ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች። ከውስጥ ቄሱ የእናቷን ክርስትና ስም ሲጠሩ አልቃሿ ትከሻዋን አቅፋ አስገባቻት፤ ሌሎቹም አንገታቸውን ደፍተው አንድ በአንድ ተከተሉ። ግቢው ጭር አለ።

ያኔ ነው ፋሲካን ፍርሃቱ በደንብ የያዛት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ድንጋዩ መሐሉ ለስልሷል። እጇን አሳረፈችበትና «እታለም» ብላ ጠራቻት፣ እንደ ልጅነቷ። ለቅሶ ላይ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ። አገጯ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም።

የእግር ኮቴ ሰማች። ዙለይሃ ናት። ከአጥሩ በር ገብታ፣ ሻሿን እያስተካከለች፣ መሬት መሬት እያየች መጣች። ከወይራው ጥላ ዳር ቆመች።

«አብሽሪ፣ ፋሲካ።»

«ሰማሽኝ?»

«ሰማሁሽ።» ዙለይሃ ጣቶቿን እያፍተለተለች ቆየች። «ነገ ስትሄጂ በደጄ በኩል እለፊ። አብረን እንሂድ።»

«ተይ፣ አትድከሚ። ብቻዬን እችላለሁ።»

«ልሸኝሽ አይደለም።» ወደ አጥሩ ዞር ብላ አየች፤ የሚሰማ ሰው አልነበረም። «የኔ ከቆመ ስንት ዘመኑ። ሶላት ከተውኩ ግን ሁለተኛ ወር ያዝኩ። ቤቴ ነኝ፣ ማን ያይብኛል?»

ፋሲካ ቀና ብላ አየቻት። ዙለይሃ ታለቅስ ነበር። ከውስጥ የየሺሀረግ ክርስትና ስም እንደገና ተጠራ።

ፋሲካ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ወደ ዳር ጠጋ አለች።

«ነይ» አለቻት፣ «ለሁለት ይበቃናል።»