የእትዬ አገሬ ግልብጥ ፊደል

እትዬ አገሬን ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔው ነው።

ስድስተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ቢቸና ያለው ቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት አስተምሪ ብሎ ስምንት እናቶችና አንድ መጽሐፍ ሰጠኝ። መጽሐፉን ሰሌን ላይ ወደ እኔ አዙሬ እዘረጋዋለሁ፤ እነሱ ዙሪያውን ይቀመጣሉ። እትዬ አገሬ ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ ናቸው።

"አፍሽን ካላየሁ አይገባኝም" ይላሉ።

በሦስት ወር በንባብ ሌሎቹን ሁሉ ቀድመው ሄዱ። እኔም የሳቸውን ጉብዝና ለራሴ አድርጌ ስኮፈስ ከረምኩ።

ያን ሰሞን ልጃቸው በዛብሽ ሞጣ ላይ የመውለጃ ቀኗ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያዋ ነው፤ እናቴ ካልመጣች እያለች ትልካለች። ሊቀ መንበራችን ደግሞ የንባብ ፈተና ላላለፈ ሰው የይለፍ ወረቀት አልሰጥም ብሏል። ያለ ይለፍ ኬላውን ማለፍ የለም።

በፈተናው ቀን ፈታኙ ጓድ ኃይለ ሚካኤል አንድ ወረቀት አስያዛቸውና ጣቱን «በ» ላይ አሳረፈ።

"ይቺን ይበሏት እስቲ፣ እናቴ።"

"ሀ" አሉ ሳያመነቱ።

ወደ «ሠ» ሄደ። "ይቺስ?"

"ጠ።"

"አልሆነም። በሚያዝያው ዙር ይሞክሩ።"

"ልጄ እስከ ሚያዝያ ሆዷን ይዛ ትጠብቀኝ?"

ድምፃቸው ሲሰበር ፊደሎቹን ዳግም አየኋቸው። «በ» ብትዘቀዘቅ «ሀ»ን ትመስላለች፤ «ሠ»ም «ጠ»ን። ያኔ ገባኝ።

"ጓድ፣ ወረቀቱን ይገልብጡላቸው" አልኩ።

"ትቀልጃለሽ?"

"ከመጽሐፉ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነው የተማሩት።"

እትዬ አገሬ መልሱን አልጠበቁም። ራሳቸው ገለበጡትና ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ውዳሴ ማርያም አወረዱት። "ገበሬው በሬውን ጠመደ። መሬቱን አረሰ።" ቀና አሉ። "ዘሩንስ ሳይዘራ የት ሄደ?"

ጓድ ኃይለ ሚካኤል ወረቀቱን ተቀብሎ እንደተዘቀዘቀ ሊያነብ ሞከረ። አንድ ቃል አልወጣውም።

"ይኼን ፈተናስ እኔም ወድቄያለሁ" ብሎ ማለፋቸውን ፈረመ።

በማግስቱ ይለፉን ይዘው ተሳፈሩ። ሲሄዱ ንባቡን ላቃናልዎት ብላቸው "ስመለስ ታቃኚኛለሽ" አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ከሞጣ የመጣ መንገደኛ ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ። ብመለከተው ጭረት ብቻ ነው። ገለበጥኩት።

«በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። አገሬ።»

እኔም ተገላገልኩ። ዛሬ እናቶቹን ሁሉ ከጀርባዬ ነው የማስቀምጣቸው፤ አፍሽን አላየን ብለው ያሙኛል።