የተገኘ ነው የሚቆጠረው

የመምህርቷ ዋርሳ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ ዳገቱን ወጥቶ ደጃፏ ሲደርስ ያለከልክ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ጥሪቱን ሁሉ አፍስሶ፣ የአባቱን ቤት ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አድርጎታል።

«እህት ዓለም፣ ነገ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ቆጣሪ ትመጣለች። አምስት ቤት ሰው ከተገኘ ግሬደሩ በየክረምቱ ናዳውን ይጠርግልናል። አራት ከሆነ ግን መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። እኔም አፈር በላሁ።»

«አራቱ እነማን ናቸው?»

«እኔ፣ አናጢው፣ ንብ አርቢው፣ አሮጊቷ አዋላጅ። አምስተኛዋ አንቺ ነሽ። ደጅሽን ከፍተሽ ቁጭ ማለት ነው፣ በቃ።»

«ነገ አርብ አይደል?»

«አርብ ነው።»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ድሮም የወንድሜ ሚስት አትጨክንብኝም!» ብሎ እየሳቀ ቁልቁል ወረደ።

መምህርቷ በሩን ዘግታ ተቀመጠች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ይኸው ሰው ከትምህርት ቢሮ የመጣው ተማሪዎቿን ሊቆጥር ነበር። አሥራ ሁለት ከሞሉ ትምህርት ቤቱ ይቀጥላል። የዚያን ዕለት ግን ሁለቱ ኩፍኝ ይዟቸው ቤታቸው ተኝተዋል።

«ቤታቸው በመስኮቱ ይታያል እኮ፣ ጋሼ! ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሄደን ይቁጠሯቸው።»

ከቅጹ ላይ ቀና እንኳ አላለም። «የተገኘ ነው የሚቆጠረው» አለና አሥር ብሎ ጻፈ።

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን ይዞ ወደ ታች ወረደ። ባለሱቁ ደንበኞቹን፣ ነርሷ ታካሚዎቿን ተከትለው ሄዱ። በየቀኑ ይመጣ የነበረው አውቶቡስ በሳምንት አንዴ ሆነ። ባሏ ሆዱን ይዞ የወደቀው ማክሰኞ ነበር፤ የአውቶቡሱ ቀን አርብ። በቀብሩ ላይ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ዋርሳዋ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በማግስቱ ጠዋት በሯን ቆለፈች። ማዶ የቆመው አውቶቡስ ውስጥ ገብታ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሥቷል። ቆጣሪዋ የቤቷን በር ቁልፍ ነካ ነካ አድርጋ ስትመለስ ዋርሳዋ ከኋላዋ እጁን ያወናጭፋል።

«ያቻትና! አውቶቡሱ ውስጥ ትታያለች እኮ!»

መምህርቷ ከአውቶቡሱ እስከ ደጃፏ በዓይኗ ለካች። ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

«እትዬ፣ እዚህ ነው የሚኖሩት?» አለች ቆጣሪዋ ወደ መስኮቱ ቀርባ።

«እኖር ነበር፣ የኔ ልጅ። ዛሬ ለቅቄያለሁ።»

ቆጣሪዋ ጻፈች። የዋርሳዋ ፊት አመድ መሰለ።

«እህት ዓለም፣ ምን በደልኩሽ?»

እያስመሰለ አልነበረም፤ ከልቡ ረስቶታል። አሥራ አንድ ዓመት ሆዷ ውስጥ ያሳደረችው መልስ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ምን ሲደረግ! እሱም እንደሷ እንቅልፍ አጥቶ ይፈልገው።

«እንሂድ፣ ሹፌር» አለች።

ከመታጠፊያው ላይ የአናጢው ሚስት ልትቆጠር አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ደጇን ጠርጋ ቆማለች። አውቶቡሱን ስታይ እጇን አውለበለበች። መምህርቷን ልቧን ቆንጠጥ አደረጋት፤ ፊቷን ግን ከመስኮቱ አላዞረችም።