ማሽኑ ደህና ነው

አጎቴ የድረ ገፁን ሥራ የሰጠኝ፣ አንድ ቀን ፕሪንተሩ የነከሰውን ወረቀት በጥፍሬ መዝዤ ስላወጣሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ገመድ ያለው ነገር ሁሉ የኔ ሆነ።

ሱቃችን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሸጣል፣ ይጠግናል። ማሽኑ ሲያስቸግር ምን እንደሚደረግ የሚያስረዱ ገፆች ድረ ገፁ ላይ አሉ፤ አድራሻቸውም በየማሽኑ ጎን ተለጥፏል። ሰኞ ዕለት ትልቋ ደንበኛችን ደወለች። የላውንደሪ ባለቤት ናት፤ አሥራ ሁለት ማሽን አላት። በሌለችበት «ሳሙና» እንላታለን።

«አንተ ልጅ፣ የተለጠፈውን ስጽፍ ‹ገፁ አልተገኘም› ይለኛል። ማሽኑን ግን አግኝቼዋለሁ፤ ወለሉ ላይ እየሸናብኝ ነው! እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ማሽኖቼን ሌላ ሰው ይይዝልኛል።»

ከሱቁ ሥራ ግማሹ የሷ ነው። አጎቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶም አላደረገው።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። የጠፋ ገፅ የሚፈልግ መሣሪያ አለ አሉ። ደህናውን ምረጥ።»

ሦስት አገኘሁ፤ ሦስቱም ለሙከራ በነፃ። ይፎካከሩ ብዬ አንድ ላይ ጫንኳቸው። አንዱ፣ ገፅ ፈልጎ ያጣውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ቆጣሪው አልኩት። ዟሪው ያልኩት ደግሞ በየሰዓቱ የድረ ገፁን በሮች እያንኳኳ ያልተከፈተውን ያሳብቃል። መላሹ ግን አይመዘግብም፣ አያሳብቅም፤ የጠፋውን ሰው ክንዱን ይዞ ወደ መጀመሪያው ገፅ ይመልሰዋል።

ሰኞ ቆጣሪው አርባ ሰው ገፅ አጣ አለኝ። ማክሰኞ ዘጠኝ መቶ። ረቡዕ ሦስት ሺህ አንድ መቶ።

«ሦስት ሺህ?» አለ አጎቴ። «ሠርጌ ላይ እንኳ ይህን ያህል ሰው አልመጣም።»

«እኔም ግራ ገብቶኛል፣ ጋሼ።»

«ግራ መግባትህን መች አጣሁት? የትኛውን መረጥክ ነው ያልኩህ።»

ያኔውኑ ስልኩ ጮኸ። ሳሙና ናት።

«ገባሁ» አለች። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች፤ «የአጎትህ ፎቶ ወጣ። ማሽን ተደግፎ ይስቃል። እኔ ውሃ ውስጥ ቆሜ እሱን ምን ያስቀዋል?»

የመላሹ ሥራ መሆኑ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ።

ሐሙስ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ዟሪው የሞተ በር ባንኳኳ ቁጥር ቆጣሪው «አንድ ሰው ጠፋ» ብሎ ይጽፈዋል። መላሹ ያንኑ ዟሪ ወደ አጎቴ ፎቶ ሲመልሰው፣ ዟሪው ይህ አዲስ ቤት ነው ብሎ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ለአንድ ግቢ ሦስት ዘበኛ ቀጥሬ «ሌባ! ሌባ!» እየተባባሉ ነበር።

ሁለቱን አሰናበትኩ። ቁጥሩ ወደ አሥራ ዘጠኝ ወረደ። አሥራ ዘጠኙም የፈለጉት አንድ ገፅ ነው፤ «ማሽኑ-ያፈሳል»። በእጄ የጻፍኩት ገፅ ነበር፤ አሁን የለም። ጽሑፉን ብፈልገው ቃል ሳይጎድል «ማሽኑ-ደህና-ነው» በሚል ስም ተቀምጧል።

የድረ ገፁን የይለፍ ቃል የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። ሁለተኛዋ ጠረጴዛው ጋ ደረሰኝ እያስተካከለች ነበር።

«እትዬ፣ ይህን ስም ማን ቀየረው?»

«እኔ ነኛ!» አለች አክስቴ፣ እንደምትመሰገን ሁሉ። «‹ያፈሳል፣ ይጮሃል፣ አይዞርም›፤ በገዛ ሱቃችን እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? ሟርት እኮ ነው! ሁሉንም በደህና ስም ለወጥኳቸው።»

«መቼ?»

«ሥራ የቀዘቀዘ ጊዜ። ወር ሆነው።»

ከዚያ ወዲህ የባሰ እንደቀዘቀዘ አላነሳሁም።

«ማሽኖቹ ላይ የተለጠፈው አሮጌው ስም ነው፣ እትዬ። በአሮጌው የመጣውን ወደ አዲሱ ልምራው?»

አሰበችበት። «የኔ ስም አይነካም?»

«አይነካም።»

«እንግዲያው ምራው። ሟርቱን የጠራው በአሮጌው ስም የመጣው ሰው ነው፤ እኔ የለሁበትም።»

አሮጌዎቹን ስሞች አንድ በአንድ በእጄ ከአዲሶቹ ጋር አገናኘሁ።

ዓርብ ጠዋት ሳሙና ደወለች። ከኋላዋ ውሃ ይንቦጫረቃል። አጎቴ ጆሮውን ከስልኩ ጀርባ ለጠፈ።

«ተከፈተ» አለች። ከዚያ አነበበችልኝ፤ «‹ማሽኑ ደህና ነው› ይላል።»

«አዎ።»

«ደህና አይደለም እኮ!»

«ወደ ታች ይውረዱ፤ ሦስተኛው ነጥብ። የበሩን ጎማ ገለጥ አድርገው የተሰገሰገ ነገር ካለ ያውጡ።»

ጠበቅን።

«ካልሲ» አለች በመጨረሻ። «የማን እንደሆነም አውቄዋለሁ።» ውሃው ጸጥ ሲል ድምጿም ለስለስ አለ። «ሰኞ ሰው ላኩና የቀሩትን አሥራ አንዱን ይይልኝ።»

አጎቴ መነጽሩን አደረገ።

«ታዲያ የትኛውን መረጥክ?»

«ቆጣሪውን።»

«ምን ያደርጋል?»

«ምንም አያደርግም፣ ጋሼ። ያያል፣ ይጽፋል፣ በቃ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ለሱማ» አለ፣ «አንተም ነበርክልን።»